ሰዓቱ ከማን ነው?

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ኮረኮንቹ ዳር ነው ያ የብርድ ልብስ ፋብሪካ።
የደወለችልኝ አመለወርቅ ናት፣
ስልክ ስታገናኝ የኖረች አስራ ዘጠኝ ዓመት።

«ልጄ፣ ስልካችን ታሟል፤
ሰው ሲያወራ መሐል ላይ ጠቅ ይላል።
እንደ ጥፍር መቁረጫ፣ ጠቅ። ዝም ይልና፣ ጠቅ።
ትናንት ዱከም ደውዬ ስንት ጥቅል ክር እንደላኩ ስጠይቅ፣
‹ስድ› አለኝ ልጁ፣ ቀሪውን በላው፤
ስድስት ይሁን ስድሳ፣ ወይስ እኔኑ መስደቡ ነው?»

ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከባጃጁ ወርጄ
በድንጋይ በድንጋዩ ዘለልኩ፣ ላፕቶፔን በደረቴ ይዤ።
ማሽኑ ከደረጃ ሥር፣ ከጆንያ ማግ አጠገብ፣
በጥጥ ብናኝ ሸብቶ፣ አረንጓዴ ዓይኑን ሲያርገበግብ።

ድምፅ እዚህ ቤት እንደ ወንዝ አይፈስም።
በሰከንድ ስምንት ሺህ ጊዜ ይቆረጣል፣
እያንዳንዱ ቁራጭ ወንበሩን ቆጥሮ ይቀመጣል፣
እንደ ሰርቪስ ተሳፋሪ።
አንደኛው ጫፍ በፀጉር ስንጥቅ ቢፈጥን፣
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ አንድ ጉዞ ሙሉ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።
ጠቅ የሚለው እሱ ነው፤
የቀረው ሰው በር ሲመታ።

ወደቦቹን አየሁ። የኛው፣ ሰዓቱ ከየት እንደሆነ ሲጠየቅ፣
«ከውስጤ» ይላል። የዱከሙም «ከውስጤ»።
ሁለት ጌታ ባንድ ሽቦ።
ትሕትና ይበጃል ብዬ፣ ምንም ሳልጠረጥር፣
ሁለቱንም አልኳቸው፦ «ከመስመር»።
ጠቁ ጠፋ። አመለወርቅ መረቀችኝ፣
«እጅሽ ይባረክ» ብላ ፓስቲ ገዛችልኝ።
ፓስቲውን ሳልጨርስ
የከተማው መስመር ማንኳኳት ጀመረ፤
ከፊተኛው ባሰ።

ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ፣ አንጀቴ ቃጠሎ።
ዘበኛው ጋሽ ጉደታ፣ አሮጌ ሰዓቱን ከክንዱ አንጠልጥሎ፣
«ስምንት ተኩል» አለኝ።
ስልኬ ስምንት ከሃምሳ ይላል።
«በምን ሞሉት ጋሼ?»
«በከድር ሰርቪስ ነዋ! ጥሩምባው ሲጮህ ተኩል ነው።»
ከድርን ጠየቅኩት፣ መሪውን እንደያዘ፤
«እኔማ በጉደታ! በሩን ሲከፍት ተኩል ነው።»

ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ፤
ይህንኑ አልነበር ከደረጃው ሥር የሠራሁ!
አንዱ ሌላውን እያየ፣ ሌላውም አንዱን፣
ተቃቅፈው፣ ተስማምተው፣
ከዓለም ሃያ ደቂቃ ርቀው።

ተመለስኩ።
ማሽን ስንት ሰዓት እንደሆነ ግድ የለውም፤
የፈረንጁ ቁጥር ይሁን የኛ አያስጨንቀውም፤
የሚፈልገው ምት ነው። የማንን ምት?
ይህን ሰው ሊነግረው ይገባል።
አንደኛ፣ የቴሌ መስመር።
ሁለተኛ፣ ያ ከተበጠሰ ብቻ፣ የራሱ ውስጥ።
ሁለት ባላ ትከል ያሉት አውቀው ነው፤
ቀድሞ የሚያዘውን ግን ሳይነግሩን ለኛ ትተውት ነው።
ዱከም ከኛ ይቀበል። እኛ ከዱከም አንቀበል።

ቆጣሪውን ዜሮ አደረግኩት። ተቀመጥኩ። ዜሮ።
ሽመናው ቤት ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጥ፣ ዜሮ።
አስራ አንድ ሰዓት ላይ አመለወርቅ ዱከም ደወለች፣
«ስንት ጥቅል?» አለች፣
ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።
«ስድሳ!»
መጨረሻዋን፣ ያቺን ሳ፣ ለብቻዋ ደገመቻት፣
ከጥርስ ሥር እንደተገኘች ስኳር።

ስወጣ የጋሽ ጉደታን ሰዓት ላስተካክል እጄን ዘረጋሁ።
«ተይው» አለኝ፣ ክንዱን ሸሽጎ፤
«እኔ ብቻዬን ብታረም፣ ከድር ውጭ ሊቀር ነው?
ነገ፣ እሱም ባለበት።»
ጥሩምባው ጮኸ። በሩን ከፈተ።
አስራ አንድ ተኩል ሆነ፣
በነሱ።